ሁለቱ መጋቢት አራቶች

ማርች 10 ቀን 1888 እ.ኤ.አ. ቅዳሜ ነበር። በኒውዮርክ አየሩ ሞቅ ብሏል። የብርዱ ወራት አለፈ ተብሎ ከባድ ካፖርት ወደ ሣጥን መግባት ጀምሯል። የአገሪቱ የአየር ጠባይ ቢሮ ለሳምንቱ መጨረሻ የሰጠው ትንበያም የሚያስደነግጥ አልነበረም፦ ነፋስና ዝናብ ይኖራል፣ ሰኞ ደግሞ ብርድ ብርድ ያለው ግን ጥርት ያለ ቀን ይሆናል።

እሑድ ዝናቡ መጣ። እኩለ ሌሊት እንዳለፈ ዝናቡ ወደ በረዶ ተለወጠ። ሰኞ ሊነጋ ሲል ከተማዋ ከዓለም ተቆርጣ ነበር።

ከ105 ዓመት በኋላ፣ በዚያው በማርች ወር፣ ሌላ ማዕበል ያንኑ የአሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ መታ። ይኼኛው በስፋት ከመጀመሪያው እጅግ ይበልጥ ነበር፤ የመጣው ግን ሳይታሰብ አልነበረም። አምስት ቀን ቀደም ብሎ "ይመጣል" ተብሎለታል።

ቀኖቹን ወደ እኛ አቆጣጠር ለመለሰ ሰው አንድ አስገራሚ ነገር ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ማዕበል ኒውዮርክን ያሽመደመደበት ማርች 12 ቀን 1888 በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጋቢት 4 ቀን 1880 ዓ.ም. ነው። የሁለተኛው ማዕበል ዋና ቀን፣ ማርች 13 ቀን 1993 ደግሞ መጋቢት 4 ቀን 1985 ዓ.ም. ነው። በፈረንጆቹ አንድ ቀን የተራራቁት ሁለቱ ዕለታት በእኛ ቀን መቁጠሪያ አንድ ቀን ላይ ይገጥማሉ።

አጋጣሚው አጋጣሚ ብቻ ነው። በሁለቱ መጋቢት አራቶች መካከል የተሠራው ሥራ ግን አጋጣሚ አይደለም። ታሪኩ የሰማይ ታሪክ ይመስላል እንጂ በአብዛኛው የመንግሥት፣ የመረጃና የመተማመን ታሪክ ነው።

(ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

*ማርች ለምን ይከፋል?*

ለሰሜኑ ዓለም ማርች ድንበር ላይ የቆመ ወር ነው። ቀኑ ረዝሟል፣ ፀሐይዋ በርትታለች፣ ደቡቡ ሞቋል። ሰሜን ካናዳ ግን ገና በበረዶ ሥር ነው፤ ከዋልታው የሚነሣው ቀዝቃዛ አየርም ጉልበቱ አልደከመም። ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤና ከአትላንቲክ የሚነሣው አየር ሞቃትና እርጥብ ነው። ሁለቱ የአየር ክምችቶች ሲጋጠሙ በመካከላቸው ያለው የሙቀት ልዩነት ራሱ ለማዕበሉ ነዳጅ ይሆናል።

ሞቃቱ አየር ቀላል ስለሆነ ወደ ላይ ይወጣል፤ ቀዝቃዛው ከሥሩ ሾልኮ ይገባል። ከላይ በከፍታ የሚጋልበው ኃይለኛ ነፋስ አየሩን ሲስበው ከታች ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ በአንድ ቀን ውስጥ ከ24 ሄክቶፓስካል በላይ ከወረደ ባለሙያዎች ነገሩን "ቦምብ" ይሉታል፤ ይህ አጠራር ከ1980 ወዲህ በጥናት ጽሑፎች ውስጥ የገባ ነው።

የማርች ማዕበል አንድ ሌላ ክፋት አለው። ሰው ጥበቃውን አላልቶ ነው የሚያገኘው። በታኅሣሥ ብርድ የሚጠብቅ ሰው ከሰል ይገዛል፣ ካፖርት ይደርባል። በማርች ግን መስኮት ይከፍታል። የ1888ቱ ሟቾች ብዙዎቹ ሰኞ ጠዋት እንደ ወትሮው ወደ ሥራ የወጡ ሰዎች ነበሩ።

*መጋቢት 4 ቀን 1880 ዓ.ም.*

በኒውዮርክ ከተማ የወረደው በረዶ ከ50 ሴንቲ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። ቁጥሩ ብቻውን ብዙም አያስፈራም። ወደ ሰሜን በኦልባኒ ግን ወደ 120፣ በሳራቶጋ ስፕሪንግስ ወደ 147 ሴንቲ ሜትር ወረደ። የገደለው በረዶው ብቻ ሳይሆን ነፋሱም ነው። ነፋሱ በረዶውን እየጠረገ ቤት ላይ ቆለለው፤ የታችኛው ፎቅ በር የተደፈነበት ሰው በላይኛው መስኮት መውጣት ግድ ሆነበት።

በዚያ ዘመን ኒውዮርክ በብረት ምሰሶ ላይ ከመንገዱ ከፍ ብሎ የሚሄድ ባቡር ነበራት። ባቡሮቹ በሐዲዱ ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ተሳፋሪዎች ከመሬት በላይ ተንጠልጥለው ቀሩ። መሰላል ያለው ሰው መሰላሉን ይዞ መጥቶ ለማውረድ ገንዘብ ያስከፍል ነበር። በችግር ቀን ሰው ሰውን የሚረዳውም የሚነግድበትም በአንድ ጎዳና ላይ ነው።

የቀድሞው የሴኔት አባል ሮስኮ ኮንክሊንግ የ58 ዓመት ሰው ነበሩ። በዎል ስትሪት ካለው ቢሯቸው ሲወጡ የፈረስ ጋሪ ባለቤት የጠራባቸው ዋጋ ከልክ በላይ ሆነባቸው፤ በእግራቸው ጉዞ ጀመሩ። አምስት ኪሎ ሜትር ለማይሞላው መንገድ ሰዓታት ፈጅተው፣ በመጨረሻ በበረዶ ውስጥ ወደቁ። ከዚያ ቀን በኋላ አልዳኑም፤ ኤፕሪል 18 ሞቱ። የስማቸው ትልቅነት ታሪካቸውን አስቀረልን እንጂ እንደ እርሳቸው መንገድ ላይ የወደቀው ብዙው ስም የሌለው ሠራተኛ ነበር፤ ከሥራ ብቀር እባረራለሁ ብሎ የወጣ።

በአጠቃላይ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ ግማሽ ያህሉ በኒውዮርክ ከተማ ነበሩ። በባሕር ላይም 200 ያህል መርከቦች ተሰባበሩ ወይም መሬት ላይ ተጣሉ። የቴሌግራፍ ሽቦዎች ከነምሰሶዎቻቸው ስለወደቁ፣ ከቦስተን ወደ ኒውዮርክ መልእክት ለማድረስ በባሕር ሥር በተዘረጋው ገመድ ለንደንን አዙሮ መላክ ያስፈለገበት ሰዓት ነበር።

*ቢሮው ምን ያውቅ ነበር?*

ትንበያው ለምን ሳተ ብሎ መጠየቅ ይቀላል። ሰዎቹ ግን ሰነፎች አልነበሩም።

የአሜሪካ የአየር ጠባይ አገልግሎት የተቋቋመው በ1870 በጦር ሠራዊቱ የመልእክት ክፍል ሥር ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ ልኬቱ በየቦታው በአንድ ሰዓት እንዲወሰድ ወታደራዊ ሥርዓት ያሻል፤ ውጤቱን ወደ ዋሽንግተን ለማድረስ ደግሞ ቴሌግራፍ። ዘዴው ማዕበል ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በመሬት ላይ ሲጓዝ ይሠራል። ቺካጎ ዛሬ ያየችውን ኒውዮርክ ነገ ታያለች።

የማርች 1888ቱ ማዕበል ግን ዋናውን ጉልበት ያገኘው በባሕር ላይ ነበር። በባሕር ላይ ጣቢያ የለም፣ መርከብ ሬዲዮ የላትም። ሽቦዎቹም መውደቅ ሲጀምሩ ዋሽንግተን ያሉት ባለሙያዎች የነበራቸውን ዓይን ጭምር አጡ። ካርታቸው ላይ አትላንቲክ ባዶ ወረቀት ነበር።

ከዚህ ማዕበል ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ ጃንዋሪ 12 ቀን 1888፣ ሌላ መከራ ወርዶ ነበር። በነብራስካና በዳኮታ ሜዳዎች ላይ ከሞቃት ጠዋት በኋላ በድንገት የወረደው የበረዶ ውሽንፍር ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ከትምህርት ቤት ወደ ቤት በመመለስ ላይ የነበሩ ልጆች ስለነበሩ ማዕበሉ በእነርሱ ስም ይጠራል። በዚያ ጊዜ ስለ ብርዱ መምጣት ማስጠንቀቂያ ተልኮ ነበር። መልእክቱ ግን በቴሌግራፍ ወደ ከተሞች ይደርሳል፣ በከተማ ጣቢያ ላይ ባንዲራ ይሰቀላል፤ በሜዳው መካከል በብቸኝነት ለቆመች አንዲት ክፍል ትምህርት ቤት ባንዲራው አይታይም።

ስለዚህ 1888 ሁለት ዓይነት ውድቀት አሳየ። በማርች ባለሙያው አላወቀም። በጃንዋሪ ባለሙያው አወቀ፣ ሕዝቡ አልሰማም። ይህን ልዩነት መያዝ ያስፈልጋል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ከጥፋቱ በኋላ ነገሮች ተንቀሳቀሱ። በ1890 ኮንግረሱ የአየር ጠባይ አገልግሎቱን ከጦር ሠራዊቱ ወስዶ ለግብርና ሚኒስቴር ሰጠ። የኒውዮርክ ሽቦዎች ከመሬት በታች እንዲቀበሩ የሚያዘው ሕግ ከማዕበሉ በፊት ወጥቶ በኩባንያዎች እምቢታ ተኝቶ ነበር፤ ከማዕበሉ በኋላ ምሰሶዎቹ በከተማው ትእዛዝ መቆረጥ ጀመሩ። የምድር ውስጥ ባቡርም እንዲሁ ነው። ከንቲባ ኤብራም ሂዊት ሐሳቡን ያቀረቡት ከማዕበሉ ሳምንታት ቀደም ብሎ ነው። ቦስተን በ1897፣ ኒውዮርክ በ1904 የምድር ውስጥ ባቡራቸውን ከፈቱ። መከራ አዲስ ሐሳብ አልወለደም፤ በመሳቢያ ውስጥ የተቀመጠውን አስወጣ እንጂ።

*በመካከል ያለው መቶ ዓመት*

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ኖርዌይ ከባሕር ማዶ የሚመጣው የአየር ጠባይ መረጃ ተቋረጠባት። ቪልሄልም ብየርክነስና ባልደረቦቻቸው በበርገን ከተማ ሆነው በአገራቸው ጠረፍ ላይ ጥቅጥቅ ያለ የመለኪያ መረብ ዘረጉ። ከዚያ የተገኘው ዕውቀት ቀዝቃዛውና ሞቃቱ አየር የሚጋጠሙበትን መስመር አሳያቸው። ዘመኑ የጦርነት ነበርና ስሙን ከጦር ሜዳ ወሰዱለት፤ "ግንባር" አሉት።

በዚያው ጦርነት እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በፈረንሳይ ግንባር ቁስለኛ በአምቡላንስ እያመላለሰ፣ በትርፍ ጊዜው የነገውን አየር በሒሳብ ለመተንበይ ይሞክር ነበር። ውጤቱ እጅግ የተሳሳተ ሆነ። ስህተቱን ሳይደብቅ በ1922 በመጽሐፍ አወጣው፤ አየሩን እኩል ለመከተል 64,000 ሰዎች በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ማስላት እንደሚያስፈልጋቸውም ገመተ።

አዳራሹን የተካው ማሽን ነው። በ1950 ኤኒያክ በተባለው ኮምፒውተር የመጀመሪያዎቹ ትንበያዎች ተሰሉ። የአንድ ቀን ትንበያ ለማስላት አንድ ቀን ገደማ ይፈጅ ነበር፤ ትንበያው ሲያልቅ ነገው ራሱ ደርሷል። ሆኖም መንገዱ ተከፈተ። በ1960 የመጀመሪያዋ የአየር ጠባይ ሳተላይት ቲሮስ 1 ወጣች፤ ባዶ ወረቀት የነበረው ባሕር ከላይ መታየት ጀመረ።

ሳተላይትና ኮምፒውተር መጣ ማለት ግን ሁሉ አለቀ ማለት አልነበረም። በፌብሩዋሪ 1979 ዛሬ ብዙ የአገራችን ሰው የሚኖርባቸው ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢዋ፣ ትንበያው ባልገመተው ወደ ግማሽ ሜትር በሚጠጋ በረዶ ተቀበሩ። ስህተቱ አልተሸፋፈነም። ሉዊስ ኡቼሊኒ የተባሉ ወጣት ሳይንቲስት ያንን ማዕበል ለዓመታት አጠኑት፤ ሞዴሎቹ ምን እንዳመለጣቸው ፈለጉ። እኚህ ሰው በ1993 የብሔራዊው ትንበያ ማዕከል የሥራ ክፍል ኃላፊ ነበሩ።

አንድ ሌላ ነገርም በጊዜው ደርሶ ነበር። በዲሴምበር 1992 የአሜሪካና የአውሮፓ የትንበያ ማዕከላት አዲስ አሠራር ጀመሩ፤ ኮምፒውተሩን አንድ ጊዜ ብቻ ማስላት ትተው፣ መነሻውን በጥቂቱ እየለዋወጡ ደጋግመው ማስላት። መልሶቹ ከተቀራረቡ እምነት ይጨምራል፤ ከተበታተኑ ጥንቃቄ ያሻል። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ፈተናው መጣ።

*መጋቢት 4 ቀን 1985 ዓ.ም.*

በማርች 1993 ሁለተኛ ሳምንት መጀመሪያ ላይ የትንበያ ሞዴሎቹ እንግዳ ነገር ያሳዩ ጀመር፦ ቅዳሜ ዕለት ከደቡብ እስከ ሰሜን ምሥራቁን በሙሉ የሚሸፍን ማዕበል። አየሩ ግን ገና ሰላም ነበር። "ነገሩ እንዲህ ይከፋል" ብሎ መናገር የሥራ ስምን ማስያዝ ነው፤ ቢሳሳቱ የ1979ው ዓይነት መሳለቂያ ይከተላል። ባለሙያዎቹ ተናገሩ። ከአምስት ቀን በፊት ጥቆማ፣ ከሁለት ቀን በፊት የበረዶ ውሽንፍር ማስጠንቀቂያ ወጣ። አንዳንድ አገረ ገዥዎች አንዲት የበረዶ ብናኝ ሳትወርድ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አወጁ። ይህ ከዚያ በፊት ያልተለመደ ነበር።

ማዕበሉም እንደተባለው መጣ። ወደ 26 ግዛቶችን ነካ። በረዶ ብርቅ በሆነባት በአላባማዋ በርሚንግሃም 33 ሴንቲ ሜትር ወርዶ፣ ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ወደ 17 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወረደ። በኒውዮርክ ግዛት ሲራኪዩስ ከአንድ ሜትር በላይ ተከመረባት። የምሥራቅ ጠረፍ ትልልቅ የአውሮፕላን ማረፊያዎች በሙሉ በየተራ ተዘጉ። መብራት የጠፋበት ሕዝብ በሚሊዮኖች ይቆጠራል።

ወደ 270 ሰዎች ሞቱ፤ በረዶ ሲዝቁ ልባቸው የቆመባቸውም በዚህ ቁጥር ውስጥ አሉ። ቁጥሩ ከ1888ቱ ብዙም ያላነሰ ይመስላል። ነገር ግን የመጀመሪያው ማዕበል የመታው የሰሜን ምሥራቅ ጥግን ነው፤ ሁለተኛው ወደ 100 ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ የሚኖርበትን ምድር ሸፈነ። ባዶ የቆሙት አውራ ጎዳናዎች፣ አስቀድመው የተዘጉት ቢሮዎች፣ ከወደብ ያልወጡት መርከቦች ስንት ነፍስ እንዳተረፉ የሚቆጥር መዝገብ የለም። የማስጠንቀቂያ ዕድሉ ይህ ነው፤ የሞተ ይቆጠራል፣ የተረፈ ቤቱ ተኝቶ ያድራል።

*ፍሎሪዳ ግን*

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ የድል ታሪክ በሆነ ነበር። አያበቃም።

ማዕበሉ ወደ ሰሜን ከመገስገሱ በፊት በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነበር። በዚያ የሚወሰደው ልኬት ስስ ስለነበር ሞዴሎቹ የሚጠነክርበትን ፍጥነት አሳንሰው ገመቱት። አገሪቱ በሙሉ ስለ በረዶ ስታወራ፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ያለ ሰው "በረዶው እኔን አይመለከተኝም" ብሎ ተኛ። ቅዳሜ ከመንጋቱ በፊት በጨለማ 11 ቶርኔዶዎች ግዛቲቱን ደበደቧት። ተከትሎ ባሕሩ ተነሣ፤ በቴይለር ካውንቲ ጠረፍ እስከ 3.6 ሜትር ከፍ ብሎ መንደሮች ውስጥ ገባ። ሰዎች በእንቅልፍ ላይ ሳሉ ውኃ ደረሰባቸው። በፍሎሪዳ ብቻ ከ40 በላይ ሰዎች ሞቱ። ባሕሩ ጎረቤት ኩባንም አልማረም፤ ሃቫና ውስጥ ዘልቆ ጎርፍ ሆነ።

የ1888ቱ ሁለቱም ውድቀቶች እዚህ ተገናኙ። ባሕሩ ላይ መረጃ ጎደለ፤ ያለው ማስጠንቀቂያ ደግሞ የዚያን አካባቢ ሰው በሚመለከት ቋንቋ አልተነገረም። "የክፍለ ዘመኑ ማዕበል" የሚለው ስም ለባልቲሞር በረዶ ነው፤ ለፍሎሪዳ ዓሣ አስጋሪ ውኃ ነው። ባሕር እቤቱ ለሚገባበት ሰው ስለ በረዶ መንገር፣ ለሜዳው ትምህርት ቤት በከተማ ባንዲራ እንደ መስቀል ነው።

ዛሬ "የአካባቢ ትንበያ" የሚባለው ነገር ዋጋው እዚህ ላይ ነው። በፀደይ መግቢያ የሚወጣ ጥሩ ማስጠንቀቂያ ለአንዱ ወረዳ የበረዶውን ጥልቀት፣ ለሌላው ውርጩን፣ ለሦስተኛው ጎርፉን ለይቶ ይናገራል፤ አየሩ ምን እንደሚሆን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚያደርግም ያክላል። መንገዱ ስንት ሰዓት ላይ ይዘጋል? መብራት ይጠፋል? ከቤት መውጣት ያለበት ማነው?

*በርካሽ የማይገኝ ነገር*

"ሰማይ አይታረስ" ይላል የአገራችን ሰው። እውነት ነው፤ በ1888ም በ1993ም ማዕበሉን ያቆመ የለም። የተለወጠው ከሰማይ በታች ያለው ነው፦ የጣቢያ መረብ፣ ሳተላይት፣ በየቀኑ የሚለቀቅ የመለኪያ ፊኛ፣ ስህተቱን ዓመታት የሚያጠና ባለሙያ፣ ባለሙያውን ሰምቶ አዋጅ የሚፈርም አገረ ገዥ።

ይህ ሰንሰለት ለመሠራት ከመቶ ዓመት በላይ ፈጀ። ለመሳሳት ግን ብዙ ጊዜ አይጠይቅም። በማርች 2025፣ ያው የማዕበል ወር ሳይወጣ፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የአየር ጠባይ አገልግሎት በሠራተኛ እጥረት ምክንያት በነብራስካዋ ኦማሃና በደቡብ ዳኮታዋ ራፒድ ሲቲ የመለኪያ ፊኛ መልቀቅ ማቆሙን፣ በሌሎች ጣቢያዎችም መቀነሱን አስታወቀ። በ1888 ጃንዋሪ ልጆቹ ያለቁባቸው ሜዳዎች እነዚሁ ናቸው። አንድ ፊኛ ስላልተለቀቀ ነገ ጠዋት የሚሞት ሰው የለም፤ ስለዚህም ነው ቅነሳው የሚቀለው። ግን የካርታው ባዶ ቦታ ተመልሶ የሚመጣው እንዲህ አንድ በአንድ ነው።

ጉዳዩ የአሜሪካ ብቻ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በማርች 23 ቀን 2022፣ በዓለም የሚቲዎሮሎጂ ቀን፣ በአምስት ዓመት ውስጥ በምድር ላይ ያለ ሰው ሁሉ በቅድመ ማስጠንቀቂያ ሥርዓት እንዲጠበቅ ጥሪ አቅርበዋል። በዚያው ዓመት የወጣ የድርጅቱ ሪፖርት ከዓለም አገራት ግማሽ ያህሉ እንዲህ ያለ ሥርዓት እንደሌላቸው አሳይቷል። መጋቢት ለኢትዮጵያ የበረዶ ወር አይደለም፤ የበልግ ወር ነው። የበልግ ዝናብ ትንበያም በየዓመቱ ይወጣል። ጥያቄው ግን በፍሎሪዳ የተጠየቀው ያው ነው፤ ትንበያው የወሎ ወይም የቦረና ሰው ጋ ይደርሳል? ሲደርስስ ከብቱን ለመሸጥ ወይም ዘሩን ለማቆየት በሚያስችለው ቋንቋና ጊዜ ነው?

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በመጀመሪያው መጋቢት አራት ውሻው ጅቡን አላየውም። በሁለተኛው አይቶ አምስት ቀን ቀደም ብሎ ጮኸ፤ በአንዱ በር ብቻ ነው ያልጮኸው። በዚያ በር በኩል ያሉት ሰዎች ግን እስከ ዛሬ ድረስ ታሪኩን የሚያስታውሱት በተሰማው ጩኸት ሳይሆን በዚያች ጸጥታ ነው።